በፍሪጅ፣ በቬንትሌተርና በቆርቆሮ ዝናብ የተበላሸ የ40 ደቂቃ ቅጂ፦ ምን ያህሉ ይጸዳል?

ታቦር_ቅጂ (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ፋይሉ ዌቭ ነው፤ 48 ኪሎሄርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ። የአንድ አዛውንት ቃለ ምልልስ ሲሆን የመጨረሻው 6 ደቂቃ በገና ነው። ቤቱ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ማይኩ ከተናጋሪው 80 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ የተቀረጸው ቻርጀር ላይ በተሰካ ላፕቶፕ ነው።

ስፔክትሮግራሙ (የድምፁን ድግግሞሽ በጊዜ የሚያሳየው ምስል) ላይ ከ50 ሄርዝ ጀምሮ በየ50ው እስከ 600 ገደማ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። 1000 እና 2000 ላይ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮች ለብቻቸው ይታያሉ። ቬንትሌተሩ ሙሉውን ሰዓት ሽሽ ይላል። ባጃጅ በየሦስት አራት ደቂቃው ያልፋል። ከ27ኛው እስከ 33ኛው ደቂቃ ዝናብ አለ።

ኦዳሲቲ (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ የኖይዝ ናሙና፣ ማለትም ንግግር የሌለበት ቁራጭ፣ ሰጥቼ 24 ዴሲቤል ስቀንስ ጀርባው ጸጥ ይላል፤ ንግግሩ ግን ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ በቃላቱ መሃልም ትንንሽ ፉጨት ይሰማል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

---

ሰላማዊት_ኦዲዮ

24ቱ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ድምፁን በአጫጭር ቁራጭ ይቆርጥና እያንዳንዱን በኤፍኤፍቲ ወደ ድግግሞሽ ይበትነዋል። ከሰጠኸው ናሙና ተነሥቶ ለእያንዳንዷ የድግግሞሽ ቋት «ኖይዙ እዚህ ድረስ ነው» ብሎ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ በታች የቀረውን ይጫነዋል፣ በላይ ያለውን ያሳልፋል። ግን መስመሩ የተሰመረው በአማካይ ነው፤ ኖይዝ ደግሞ አማካይ አያውቅም፣ በየቅጽበቱ አንዷ ቋት ላይ ከመስመሩ በላይ ብቅ ይላል። ያቺ ቋት ለ40 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻዋን ስታልፍ፣ ዙሪያዋን ሁሉ 24 ዴሲቤል ስላወረድከው፣ ጆሮ የሚሰማት እንደ ፉጨት ነው። ሙዚቃዊ ኖይዝ የሚባለው ይህ ነው። ስቲቨን ቦል የስፔክትረም ቅነሳን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያቀርብ አብሮ የመጣ ጣጣ ነው። በዚያው ዓመት ቤሩቲ፣ ሽዋርዝና ማኮውል ያመጡት መፍትሔ ዛሬም ይሠራል፦ መስመሩን ትንሽ ከፍ አድርገህ ቀንስ፣ ነገር ግን ከሥር ወለል፣ ማለትም ትንሽ ኖይዝ፣ ተው። ወለሉ ፉጨቱን ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ቅነሳው ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል ይሁን፣ ሴንሲቲቪቲ 5 ወይም 6፣ ፍሪኩዌንሲ ስሙዚንግ ከ3 እስከ 6። ናሙናው ቢያንስ 2 ሰከንድ ይሁን፤ ትንፋሽ፣ የወንበር ድምፅ፣ የሩቅ ባጃጅ የሌለበት። የቬንትሌተር ድምፅ ከክንፎቹ ዙረት ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል የግማሽ ሰከንድ ናሙና የዙረቱን አንድ ወገን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከመተግበርህ በፊት «ሬዚድዩ» የሚለውን ምረጥና የሚወገደውን ብቻ ለይተህ አድምጥ። እዚያ ውስጥ ቃል ከሰማህ፣ ትርጉሙ ባይያዝም እንኳ፣ ከንግግሩ እየቆረጥክ ነው። ሴንሲቲቪቲውን በግማሽ በግማሽ እያወረድክ ቃሉ እስኪጠፋ ሞክር።

«አንዴ 12 ከማድረግ ሁለቴ 6 ይሻላል» ሲባል ትሰማለህ። እውነት የሚሆነው ለሁለተኛው ዙር አዲስ ናሙና ከወሰድክ ነው፤ የመጀመሪያው ናሙና አሁን የቀረውን ኖይዝ አይገልጽም።

---

ባለሞንታርቦ

ሰላማዊት ያለችው እንዳለ ሆኖ፣ ቅደም ተከተሉ ካልተስተካከለ ውጤት የለም። መጀመሪያ ሃይፓስ 80 ሄርዝ (ከዚያ በታች ያለውን የሚቆርጥ)፣ ከዚያ ሃሙን (የመብራቱንና የፍሪጁን እምምታ) በኖች (አንድ ጠባብ ድግግሞሽ ብቻ በሚቆርጥ ማጣሪያ)፣ ከዚያ የኖይዝ ቅነሳ፣ ከዚያ ኢኪው (የድምፁን ቀለም ማስተካከያ)፣ ኮምፕሬሰር (ከፍተኛና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርብ) በመጨረሻ። ኮምፕሬሰር ቀድሞ ከገባ በንግግሩ መሃል ያለውን ኖይዝ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ናሙናህ ለየትኛውም ቦታ ልክ አይሆንም። ስልክ ላይ የተቀረጸ ነገር አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚሁ ነው፤ ስልኩ ራሱ ዝምታ ሲሆን ድምፁን ከፍ፣ ንግግር ሲመጣ ዝቅ ያደርጋል።

ሃሙ ለምን በኖች? በ48 ኪሎሄርዝ የ2048 ኤፍኤፍቲ (ቁጥሩ የአንዱ ቁራጭ፣ የመስኮቱ፣ ርዝመት በነጥብ ነው) አንዷ ቋት 23.4 ሄርዝ ትሰፋለች። በሃን መስኮት (ቁራጩን ወደ ጫፎቹ ቀስ አድርጎ በሚያሳንሰው) አንድ ጥርት ያለ ቶን አራት ቋት ያህል ይይዛል፤ ይህም ወደ 94 ሄርዝ ነው። 50ን ከ100 መለየት ያቃተው መሣሪያ መሃላቸው ያለውን የወንድ ድምፅ አብሮ ያነሳዋል። በርሜሉ የመጣው ከዚህም ጭምር ነው።

ኖቹን ከመትከልህ በፊት መስመሩ በእርግጥ የት እንዳለ ለካ፤ መብራቱ ሁልጊዜ 50 ላይ አይቆምም፣ ጄኔሬተር ከሆነማ ተወው። የ65536 ኤፍኤፍቲ ክፈትና 500 አካባቢ ያለውን መስመር አንብበህ ለ10 አካፍል። የንባቡ ስህተትም አብሮ ለ10 ይካፈላል።

1000ዋ መስመር የመብራት 20ኛ ብዜት ልትሆን ትችላለች። 950 እና 1050 ላይ ጓደኛ ከሌላት ግን የመብራት አይደለችም፤ ዩኤስቢ በየሚሊሰከንዱ መልእክት ስለሚልክ 1000 እና ብዜቶቹ ላይ ይፎጫል። ወደፊት ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ቅረጽ፣ ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። «ትርርርት» የሚል ካጋጠመህ ደግሞ፣ 217 ሄርዝ ላይ ካለ፣ ኬብሉ አጠገብ ሞባይል ተቀምጧል ማለት ነው።

---

ታቦር_ቅጂ

500 አካባቢ ያለው መስመር 497 ላይ ነው። ስለዚህ 49.7። በ1000 ዙሪያ ጓደኛ የለም፤ ዩኤስቢው ነው። ቀድሞ የተከልኩት ኖች 50 ላይ፣ ኪው (የኖቹ ጥበት) 30 ነበር።

---

ባለሞንታርቦ

እንግዲያ ሲሠራ አልነበረም ማለት ነው። በኪው 30 የኖቹ ስፋት 50 ላይ 1.7 ሄርዝ ብቻ ነው። መስመሩ 0.3 ሄርዝ ሲሸሽ ቅነሳው ወደ 9 ዴሲቤል ይወርዳል፤ 0.5 ቢሸሽ 6 ብቻ ይቀር ነበር። ኖቹን 49.7 ላይ አድርግ፣ ብዜቶቹን በዚያው ስሌት 99.4፣ 149.1፣ 198.8 እያልክ እስከ 600 ቀጥል። ኪው 30 ይቆይ፤ 40 ደቂቃው መሃል መብራቱ ከተንሸራተተ ፋይሉን በየ10 ደቂቃ ከፍለህ ለየብቻው ለካ። ኪውን 100 የሚያደርጉ አሉ፤ ኖቹ በጠበበ ቁጥር ይደውላል። ኪው 30 እንኳ 50 ላይ ለ0.2 ሰከንድ ያህል ይደውላል፣ 100 ሲሆን ከ0.6 ሰከንድ በላይ።

1000 እና 2000 ላይ ለየብቻ አንድ አንድ ኖች፣ እዚህ ኪው 60 ቢሆን ችግር የለውም፤ የዩኤስቢው መስመር ቦታውን አይለቅም።

---

ጋሽ_ሬዲዮ

ልጆች፣ ቁጥሩ ደርዝ ይዟል። አንድ ነገር ግን ተዘለለ፦ ቋንቋው።

አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም ይቀይራል። «ይበላል» ላልቶ ሰውየው ይበላል፣ ጠብቆ ምግቡ ይበላል። «ይሰማል» ላልቶ እሱ ይሰማል፣ ጠብቆ ነገሩ ይሰማል። የቃላቱ ጽሑፍ አንድ ነው፤ ጆሮ የሚለያቸው በተነባቢው ርዝመት ነው። የኖይዝ ማጽጃ ደግሞ የ«ሰ»ን መነሻና መድረሻ፣ ቀጭን ሽሽታ ስለሆነ፣ ከቬንትሌተር አይለየውም። ሁለቱን ጫፍ ሲበላው የጠበቀው ላላ ይሆናል። ጠፋ አትለውም፣ ቃሉ አለ፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል።

ፈንጂዎቹ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ሌላ ጣጣ አላቸው። ፍንዳታቸው አጭር ነው። 10 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ፍንዳታ 85 ሚሊሰከንድ ርዝመት ባለው የ4096 መስኮት ውስጥ ሲገባ፣ መስኮቱ የሰበሰበው ኖይዝ የ85 ሚሊሰከንድ ነው፤ ፍንዳታው ከኖይዙ አንጻር ወደ 9 ዴሲቤል ይደበዝዛል። በ1024 መስኮት ግን 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለዚህ ነው በረጅም መስኮት የጸዳ ንግግር ውስጥ «ጠ» እንደ «ተ» የሚሰማው። መስኮቱ ሲከፈትም ከፍንዳታው በፊት ያለውን ዝምታ አብሮ ስለሚከፍተው «ሽፍ» የሚል ጥላ ይቀድማል።

ለንግግር 1024 ወይም 2048፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ታቦር ሲጨርስ ከፋይሉ ላይ ጥንድ ትርጉም ያላቸውን ቃላት መርጦ፣ ዓረፍተ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቃሉን ብቻ ቆርጦ ያሰማው። ያ ሰው ጠብቆ ወይስ ላልቶ እንደሆነ ካልነገረው ቅነሳው በዝቷል።

---

ሰላማዊት_ኦዲዮ

ጋሼ፣ የእርስዎን ፈተና ከዛሬ ጀምሮ እወስደዋለሁ። ሬዚድዩ ማድመጥ ይህን አያሳይም፤ የ«ሰ» ጫፍ እዚያ ውስጥ ቢኖርም ከሽሽታው ጋር ስለሚመሳሰል ያልፋል።

አንድ ጭማሪ፦ ኦዳሲቲ የመስኮቱን መጠን በዋናው ሳጥን አያሳይም። ሪፐር በሚባለው የቅጂ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ሪያኤፍአይአር ግን ያስመርጣል፤ «ሰብትራክት» ላይ አድርገህ 1024 ወይም 2048 ምረጥ፣ ናሙናውን ከሰበሰብክ በኋላ «ኦቶማቲካሊ ቢልድ» የሚለውን ማጥፋትህን አትርሳ። ካልጠፋ ንግግሩንም እንደ ኖይዝ እየተማረ ይሄድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ያጠፋዋል።

---

ፓይተን_ፈታይ (አዳማ)

እግረ መንገዴን የኔን ጥያቄ ላስገባ። ኮዱን ራሴ ጻፍኩት፦ ሃን መስኮት፣ ኤፍኤፍቲ 2048፣ እርምጃ 1024፣ ቅነሳ፣ ተመላሽ ኤፍኤፍቲ፣ እንደገና ሃን፣ መደራረብና መደመር። ከውጤቱ ውስጥ ሃም አለ፤ ኖች 50 ላይ ብተክልም አይነቃነቅም። ናሙና መጠኑ 48 ኪሎሄርዝ ነው።

---

ሰላማዊት_ኦዲዮ

የመብራት ኃይል ጥፋት አይደለም፣ አንተ የሠራኸው ነው። 48000ን ለ1024 አካፍል፦ 46.9 ሄርዝ። ሃንን ሁለት ጊዜ ስታባዛ ሃን ካሬ ይሆናል፤ በግማሽ እርምጃ ሲደራረብ ድምሩ እኩል አይወጣም፣ በ1 እና በ0.5 መካከል ይወዛወዛል። ድምፁ በሰከንድ 47 ጊዜ በ6 ዴሲቤል ከፍ ዝቅ ሲል የምትሰማው እሱን ነው። ቶን ስላልሆነ፣ የድምፁ ጉልበት ራሱ ስለሚወዛወዝ፣ ኖች አይነካውም።

ሁለት መውጫ አለ። እርምጃውን 512 አድርግና ውጤቱን ለ1.5 አካፍል፤ የሃን ካሬ በሩብ እርምጃ ሲደራረብ ድምሩ በትክክል 1.5 ነው። ወይም እርምጃውን 1024 ተወውና በሁለቱም በኩል የሃንን ካሬ ሥር ተጠቀም። የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለቅነሳው ለስላሳ ሽግግር ይሰጣል። ስትፈትነው ቅነሳውን አጥፍተህ አስገባ፤ የገባውና የወጣው ልዩነት ዜሮ ካልሆነ ሌላውን አትጀምር።

---

ፓይተን_ፈታይ (አዳማ)

512 እና 1.5። ሃሙ ሞተ። አመሰግናለሁ እህቴ።

---

ባለሞንታርቦ

ወደ ታቦር እንመለስ፤ ዝናቡና ባጃጁ ቀርተዋል።

ዝናብ በቆርቆሮ ላይ በናሙና አይነሳም። ጠብታው ሁሉ ለብቻው ምት ነው፣ ጥንካሬውም በየሰከንዱ ይለዋወጣል፤ የ27ኛው ደቂቃ ናሙና ለ29ኛው አይሆንም። ያን 6 ደቂቃ ለብቻው ቆርጠህ አውጣና ናሙናውን በየ30 ሰከንዱ ንግግር ከሌለበት ቦታ አድስ። ቅነሳው ከ5 ዴሲቤል አይለፍ። ራይነር ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው ዘዴ ናሙና ሳይጠይቅ በየቋቱ በቅርብ ያለፈውን አነስተኛ ደረጃ እየተከታተለ ኖይዙን ይገምታል፤ ዝናቡ ቀስ ብሎ ሲጨምር ይከተለዋል፣ ድንገት ሲበረታ ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ ይዘገያል። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው ጽሑፉን ከሥር ያስገባ።

ባጃጁን በእጅ ነው። ስፔክትሮግራሙ ላይ የሞተሩ መስመሮች ማርሽ ሲቀይር እየተጠማዘዙ ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። በቃላቱ መካከል ያለውን ቁራጭ እየመረጥክ ከ10 እስከ 15 ዴሲቤል አውርድ፤ ቃል ላይ ከወደቀ ከ300 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ ንካ። ፈጽሞ ዜሮ አታድርገው። ጆሮ ባጃጁን ይለምደዋል፣ ድንገተኛ ጉድጓድ ግን ያስደነግጠዋል።

---

አማኑኤል_ሚክስ

አርኤንኖይዝን (በሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ ኖይዝ የሚቀንሰውን ፕሮግራም) ማንም ያላነሳው ለምንድን ነው? ናሙና አይፈልግም፣ በ10 ሚሊሰከንድ ይሠራል፣ 48 ኪሎሄርዝ ነው የሚፈልገው፤ የታቦር ፋይል ደግሞ 48 ነው።

---

ሰላማዊት_ኦዲዮ

ለንግግሩ ሞክረው፣ ጥሩ ነው፣ በተለይ ለቬንትሌተር። ግን ስፔክትረሙን በጥቂት ሰፋፊ ቋቶች ብቻ ነው የሚቆጣጠረው፤ የዩኤስቢዋን አይነት ቀጭን መስመር አይለይም፣ ስለዚህ ኖቹ ይቅደም። ውጤቱንም ከዋናው ጋር 70 ለ30 ደባልቀው፤ ለብቻው ሲሆን በቃላት መካከል ያለው ዝምታ የሞተ ይሆናል። በገናው ላይ ግን አታስጠጋው። የተሠለጠነው ንግግርን ከሌላው ለመለየት ነው፤ በገና ለእሱ «ሌላው» ነው።

---

ጋሽ_ሬዲዮ

በገናውን ስታነሱ ደስ አለኝ። ለመሆኑ ያን 6 ደቂቃ ለምን ታጸዱታላችሁ?

የበገና ድምፅ ራሱ ዝዝታ ነው። እንዝራው፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ አውታሩ በተመታ ቁጥር እየነካካው ዝዝ ያሰኘዋል። ደርዳሪው እንዝራውን ወደፊት ወደ ኋላ እየገፋ የሚያስተካክለው ለዚሁ ነው። ስፔክትሮግራም ላይ ከመሠረቱ ጀምሮ ወደ ላይ የሚደረደሩ ብዙ መስመሮች ሆኖ ይታያል፤ ልክ እንደ ሃም። ከ100 እስከ 600 በየ50ው ኖች የደረደረ ሰው ከአሥሩ አውታር የትኛውን እንደሚያጎድል በምን ያውቃል? ሃይፓሱም 80 ላይ ወፍራሞቹን አውታሮች ሊነካ ይችላል።

---

ባለሞንታርቦ

ጋሼ፣ ሙሉ በሙሉ መተው ግን አልስማማም። ፍሪጁ እዚያም እየጮኸ ነው። መካከለኛ መንገድ አለ፦ ለበገናው ክፍል ኖቹ 49.7፣ 99.4 እና 149.1 ላይ ብቻ ይሁን። ጥልቀታቸው 8 ዴሲቤል ይበቃል፣ ኪው 40። የኖይዝ ቅነሳው 4 ዴሲቤል፤ መስኮቱ ግን እዚህ 8192። በገና እንደ ንግግር ፈንጂ የለውም፣ ድምፁ ይቆያል፤ በ8192 ቋቷ 5.9 ሄርዝ ስለሆነች የአውታሩን መስመር ከመሃሉ ካለው ሽሽታ ትለየዋለች። የጥፍሩ ምት በትንሹ ይለሰልሳል፣ እሱን እቀበላለሁ።

ሃይፓሱን ግን በገናው ላይ 40 አድርገው፤ በዚህ እርስዎ ትክክል ነዎት።

---

ጋሽ_ሬዲዮ

8 ዴሲቤልን ልሞክረው። 4ቱን አልቀበልም፤ በገና ሲደረደር የቤቱም ድምፅ አብሮ ይሰማ።

---

ክራር_ቅኝት

ከጽዳቱ ወጣ ልበልና፣ ይኸው መሣሪያ ድምፅ ለመሥራትም ይሆናል። ሰላማዊት የምታባርረው ፉጨት እኔ ዘንድ ሸቀጥ ነው፦ ወለሉን አጥፍተህ፣ መስመሩን ከፍ አድርገህ፣ ክራር ብታስገባበት እያንዳንዱ ምት ወደ ጠብታ ይበተናል።

ሁለተኛው ማቆም ነው። መስኮቱን 32768 አድርግ፤ በ48 ኪሎሄርዝ 0.68 ሰከንድ ነው። መጠኑን ትተህ ፌዙን (ሞገዱ ከየት እንደሚነሳ) ብቻ በዘፈቀደ ቀይር፣ መልስና በሩብ እርምጃ ደራርብ። ምቱ መቼ እንደተመታ የሚናገረው የቋቶቹ ፌዝ እርስ በርስ መስማማት ስለሆነ፣ እሱ ሲፈርስ ጊዜው ይሟሟል፤ የሚቀረው ቀለሙ ነው። በባቲ የተቃኘ ክራር አውታሮቹን በአንዴ ጠርገህ ብታቆመው ሙሉው ቅኝት እንደ ደመና ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሦስተኛው ማዳቀል ነው። የአንዱን መጠን በሌላው ታባዛለህ። የታቦር የቆርቆሮ ዝናብ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ሁሉም ድግግሞሽ ላይ ጉልበት ስላለው ክራሩን አያፍነውም፣ ያረግፈዋል። የዝናቡን ስፔክትረም ግን ከማባዛትህ በፊት በ8 ጎረቤት ቋት አማካይ አለስልሰው፤ ካልሆነ ክራሩ ሳይሆን ዝናቡ ብቻ ይሰማሃል። ቋት በቋት እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ማጣሪያ ስትሠራ ደግሞ የድምፁ ጅራት ከመስኮቱ መጨረሻ ዞሮ መጀመሪያው ላይ ይገባል፣ በየመስኮቱ ጠርዝ «ጠቅ» ይላል። ሁለት እጥፍ ዜሮ ጨምርለት፣ የማጣሪያውንም ጠርዝ አለስልሰው።

---

ታቦር_ቅጂ

የደረስኩበት፦ ሃይፓስ 80፣ 12 ኖች ከ49.7 እስከ 596.4፣ ሁለት ለዩኤስቢው። ንግግሩ በሪያኤፍአይአር 2048፣ ቅነሳው ወደ 10 ዴሲቤል። ዝናቡ 5። በገናው ሦስት ኖች ብቻ፣ ሃይፓስ 40፣ ሌላ ቅነሳ የለም።

የጋሽ ሬዲዮን ፈተና ለሦስት ሰው አደረግኩት፤ 10 ጥንድ ቃል። በ12 ዴሲቤል «ይሰማል» ላይ ሁለቱ ተሳሳቱ፣ በ10 ማንም አልተሳሳተም። የቬንትሌተሩ ሽሽታ አሁንም ከሥር ይሰማል። እንዲሁ ተውኩት።

---

ባለሞንታርቦ

ይሰማ። ለሚቀጥለው ግን ማይኩን ከ80 ወደ 20 ሴንቲሜትር አስጠጋ፤ ያ ብቻውን 12 ዴሲቤል ነው፣ ሶፍትዌሩ ከሰጠህ ይበልጣል። ፍሪጁን ንቀል፣ የቤትህን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጥ፤ መልሰህ ሳትሰካው አትወጣም።